ኖዓ፦ የአንድ ዕብራዊ የሴት ስም አመጣጥ፣ ትርጉምና መስፋፋት

በእንግሊዝኛው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ስም ሁለት ሰዎችን ይጠራል። አንደኛው መርከብ ሠርቶ ከጥፋት ውኃ የተረፈው ኖኅ ነው። ሁለተኛዋ በኦሪት ዘኍልቍ ከአራት እኅቶቿ ጋር በሙሴ ፊት ቆማ የአባቷን ርስት የጠየቀች ወጣት ናት። በላቲን ፊደል ሁለቱም በአንድ ዐይነት ሆሄያት ስለ ተጻፉ፣ ዕብራይስጥ የማያውቅ አንባቢ የሴቲቱን ስም ከወንዱ የተወሰደ አድርጎ ቢቈጥረው አይፈረድበትም። በዕብራይስጡ ግን ሁለቱ ስሞች የሚጋሩት አንድ ተነባቢ ብቻ ነው፤ እርሱም ኑን ነው። የወንዱ ስም በኑንና በሔት ይጻፋል፤ የሴቲቱ በኑን፣ በዓይንና በሄ። ትርጉማቸውም ተቃራኒ ነው ለማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ከዕረፍት፣ ሁለተኛው ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነውና።

ይህ የሴት ስም፣ በዕብራይስጥ አነጋገር ኖዓ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኑዓ፣ በ21ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእስራኤል ለሚወለዱ አይሁዳውያን ሴቶች ልጆች ከሚሰጡት ስሞች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቷል። ከዚያ በፊት ግን በአይሁድ የስም አወጣጥ ልማድ ውስጥ ይህን ያህል ስፍራ አልነበረውም። ስሙ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚል፣ ከረጅም ዝምታ በኋላስ ለምን እንደ ተመረጠ ቀጥሎ ይታያል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አምስቱ እኅቶች

ታሪኩ የሚገኘው በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 26፣ 27 እና 36 እንዲሁም በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 17 ነው። ከምናሴ ነገድ የሆነው የኦፌር ልጅ ሰለጰዓድ በምድረ በዳ ሲሞት ወንድ ልጅ አልነበረውም። ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ የሚባሉ አምስት ሴቶች ልጆች ግን ነበሩት። ምድሪቱ ለነገዶች ልትከፋፈል በተቃረበችበት ወቅት፣ በወንዶች ቈጠራ ላይ የተመሠረተው ድልድል የአባታቸውን ቤት እንደሚያልፈው ባዩ ጊዜ፣ ወደ መገናኛው ድንኳን ደጃፍ መጥተው በሙሴ፣ በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆሙ።

ክርክራቸው በጥንቃቄ የተገነባ ነው። በቅድሚያ አባታቸው ከቆሬ ዐመፀኞች ወገን እንዳልነበረ ያስረዳሉ፤ ይህም መብቱን ሊያሳጣው የሚችል የዐመፅ ወንጀል እንደሌለበት ማሳየት ነው። ቀጥለውም ወንድ ልጅ ስለሌለው ብቻ ስሙ ከወገኑ መካከል የሚጠፋበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። በመጨረሻ በአባታቸው ወንድሞች መካከል ድርሻ እንዲሰጣቸው ያመለክታሉ። ሴቶቹ የተሟገቱት በግንባር ለራሳቸው ጥቅም አልነበረም፤ የሙግቱ መነሻ የሟች አባታቸው ስም መጥፋት ነው። ሙሴ ነገሩን በራሱ ሥልጣን አልቈረጠም፤ ወደ እግዚአብሔር አቀረበው፤ የመጣውም ፍርድ ለእኅቶቹ የሚያደላ ሆነ። ፍርዱም በእነርሱ ጉዳይ ብቻ ሳይወሰን አጠቃላይ ሕግ ወጣበት፦ ወንድ ልጅ የሌለው ሰው ርስቱ ለሴት ልጁ፣ እርሷም ከሌለች ለወንድሞቹ፣ እነርሱም ከሌሉ ለአባቱ ወንድሞች፣ ከዚያም ለቅርብ ዘመዱ ይተላለፋል። በኦሪት ውስጥ ከተራ ሰዎች አቤቱታ ተነሥተው ለሕዝብ ሁሉ ሕግ የሆኑ ድንጋጌዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ከሴቶች አፍ የወጣው ደግሞ ይህ ነው።

ድሉ ግን ወሰን ተበጅቶለታል። በምዕራፍ 36 የነገዱ አለቆች በተራቸው አቤት ይላሉ፤ ልጃገረዶቹ ከሌላ ነገድ ቢያገቡ መሬቱ ከምናሴ እጅ ይወጣል የሚል ስጋት ነበራቸው። ስለዚህ ከነገዳቸው ውጭ እንዳያገቡ ተወሰነ፤ አምስቱም የአባታቸውን ወንድሞች ልጆች አገቡ። ታሪኩን የሴቶች እኩልነት የመጀመሪያ ዐዋጅ አድርጎ ማቅረብ በዘመናችን የተለመደ ቢሆንም፣ ሕጉ ሴትን ወራሽ ያደረጋት ወንድም በሌላት ጊዜ ብቻ ነው፤ የጋብቻ ምርጫዋንም አጥብቧል። በእስራኤል በ1965 የወጣው የውርስ ሕግ ወንድና ሴት ልጆችን በእኩልነት የሚያወርስ ነው፤ ከዘኍልቍ እስከዚያ ያለው መንገድ ረጅም ነበረ።

ለአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ። ተርጓሚዎቹ ለዕብራይስጡ የውርስ መሬት ቃል አቻ ለመፈለግ አልተቸገሩም፤ «ርስት» የሚለው ቃል ዝግጁ ሆኖ ጠበቃቸው። ይሁንና በአማራው አገር ልማድ ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚቈጠር፣ ሴት ልጅም የምትጠይቀው መብት ነበረ። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ታሪኩን ሲሰማ የሚያስገርመው የፍርዱ መልስ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ያስፈለገበት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ስለ ኑዓ በተለይ መጽሐፉ የሚለው የለም። የተናገረችው ከእኅቶቿ ጋር በአንድ ድምፅ ነው። የስሞቹ ቅደም ተከተል ግን ተንታኞችን አነጋግሯል። በምዕራፍ 26 እና 27 ኑዓ ሁለተኛ ናት፤ ጋብቻቸው በሚነገርበት በምዕራፍ 36 ግን መጨረሻ ላይ ተጠቅሳለች። በ11ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈረንሳያዊው የኦሪት ተንታኝ ራሺ የቀደሙትን ሊቃውንት ተከትሎ፣ የጋብቻው ዝርዝር በዕድሜ፣ ሌላው በጥበብ የተደረደረ ነው ይላል። በዚህ አተረጓጐም ኑዓ በዕድሜ የሁሉ ታናሽ፣ በጥበብ ግን ከማህለህ ቀጥላ ሁለተኛ ትሆናለች።

በሸክላ ስባሪ ላይ የተገኘ ስም

የስሙ ታሪክ በመጽሐፍ ገጾች ብቻ ቢወሰን ኖሮ ጥናቱ እዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። በ1910 ግን በአሜሪካዊው የቅርስ ተመራማሪ በጆርጅ ራይስነር የሚመራው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በጥንቷ የሰሜኑ መንግሥት መዲና በሰማርያ ሲቈፍር፣ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ በቀለም የተጻፈባቸው ወደ መቶ የሚጠጉ የሸክላ ስባሪዎችን አገኘ። ሊነበቡ የቻሉት ከስድሳ ጥቂት ያልፋሉ። አገሩ ያን ጊዜ በኦቶማን መንግሥት ሥር ስለ ነበረ ስባሪዎቹ ወደ ኢስታንቡል ሙዚየም ተወስደዋል።

ጽሑፎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት የስምንተኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ እንደ ሆኑ ይገመታል። ይዘታቸው የመዝገብ ቤት ሥራ ነው፦ በንጉሡ በዚህ ዓመት፣ ከዚህ አውራጃ፣ ለዚህ ሰው፣ አንድ ማሰሮ የቈየ ወይን ወይም አንድ ማሰሮ የጠራ ዘይት። ጸሎት የለ፣ ትረካ የለ፣ የንጉሥ ስም እንኳ የለ። ከተጠቀሱት አውራጃዎች መካከል ግን ሁለቱ ኖዓና ሖግላ ይባላሉ፤ የኋለኛዋ በአማርኛው ዔግላ የተባለችው ናት።

ቀሪዎቹ የአውራጃ ስሞች አቢዔዝር፣ ሴኬም፣ አሥሪኤልና ሌሎቹም በመጽሐፈ ኢያሱ 17 የምናሴ ልጆች ተብለው የተዘረዘሩት ናቸው። መጽሐፉ ስድስት ወንዶች ይቈጥራል። በስባሪዎቹ ላይ ከስድስቱ አምስቱ ይገኛሉ፤ የጐደለው ስድስተኛው ኦፌር ነው፤ እርሱም የሰለጰዓድ አባት፣ የአምስቱ እኅቶች አያት ነው። በእርሱ ፋንታ በመዝገቡ ላይ የሚታዩት የሁለት ልጅ ልጆቹ ስሞች ናቸው። የሰለጰዓድም ስም በስባሪዎቹ ላይ የለም። እኅቶቹ የአባታቸው ስም እንዳይጠፋ ተሟግተው ነበር፤ በወይንና በዘይት መዝገብ ላይ የተረፈው ግን የሴቶቹ ስም ሆነ።

ከዚህ ግኝት በኋላ ሊቃውንት በሁለት አሳብ ተከፍለዋል። አንዳንዶች መጀመሪያ የነበሩት የቦታና የጐሣ ስሞች እንደ ሆኑ፣ የእኅቶቹም ታሪክ እነዚህ አውራጃዎች በምናሴ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ያላቸውን ስፍራ ለማስረዳት በዘመድ አነጋገር የተነገረ መሆኑን ይገልጻሉ። ለዚህም ቲርጻን በአስረጂነት ያቀርባሉ። ይህ ስም ከሰማርያ በፊት የሰሜኑ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ከተማ ስም ነው፤ በአማርኛው መጽሐፈ ነገሥት ከተማዋ ቴርሳ ተብላ ስለምትጻፍ ዝምድናው በቀላሉ አይታይም። ሌሎቹ በተቃራኒው ቦታዎቹ በወራሾቻቸው ስም መጠራታቸው እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ያመለክታሉ። ለስም ጥናት የሚጠቅመው ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነጥብ ነው፤ ኖዓ የሚለው ስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዘመን ሰዎች ይኖሩበት፣ ወይን ይጭኑበት የነበረ እውነተኛ መሬት ስም ነበረ።

ሥሩና ትርጉሙ

መጽሐፍ ቅዱስ ለብዙ ስሞች የትርጉም ማብራሪያ ይሰጣል፤ ለኑዓ ግን አልሰጠም። ስለዚህ ትርጉሙ የሚፈለገው ከቃሉ ሥር ነው። ኑን፣ ዋው፣ ዓይን የሚለው ሥር በዕብራይስጥ መንቀሳቀስን፣ መወዛወዝን፣ ወዲያና ወዲህ ማለትን ያመለክታል። በመጽሐፉ ውስጥ የሚገባባቸው ስፍራዎች የተለያዩ ናቸው። ወንድሙን ከገደለ በኋላ በምድር ላይ እንዲቅበዘበዝ የተፈረደበት የቃየል ሁኔታ በዚህ ሥር ተገልጿል። የንጉሡ የአካዝ ልብ የጠላት ወሬ በሰማ ጊዜ የተናወጠው፣ የዱር ዛፎችም በነፋስ የተናወጡት በዚሁ ግሥ ነው። የሳሙኤል እናት ሐና ድምፅዋ ሳይሰማ ስትጸልይ የተንቀሳቀሱት ከንፈሮችዋም እንዲሁ። ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲያሸበሽብ ከተመቱት የዜማ ዕቃዎች አንዱ ከዚህ ሥር የወጣ ስም አለው፤ እየተነቀነቀ ድምፅ የሚሰጥ፣ የጸናጽል ዐይነት መሣሪያ እንደ ነበረ ይታመናል። ጸናጽልን በቅዳሜና በእሑድ በካህናት እጅ ሲነቀነቅ ለሚያይ ኢትዮጵያዊ ይህ ሥር ምን ዐይነት እንቅስቃሴ እንደሚገልጽ ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ የልጅ ስም የሚመርጡ ወላጆች በሚያገላብጧቸው መጻሕፍት ስሙ «እንቅስቃሴ፣ ሕያውነት» ተብሎ ሲተረጐም የሥሩ አንድ ገጽ ብቻ መመረጡን መገንዘብ ይገባል። በጥንቱ አነጋገር ቃሉ መቅበዝበዝንና መናወጥንም ይዟል። በዘመናዊው ዕብራይስጥ ግን የሥሩ ቤተ ሰብ ሌላ መልክ አለው፦ ሞተር የሚባለው ቃል ከዚሁ የወጣ ነው፤ የመንገድ ትራፊክ፣ የፖለቲካ ንቅናቄ፣ በሰዋስውም አናባቢ በአንድ የዚህ ሥር ቃል ይጠራሉ። ከመኪናና ከንቅናቄ ዘመን የተወለደ ትውልድ በስሙ ውስጥ ጉልበትን እንጂ ስደትን አለመስማቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ኖኅ የሚለው ስም በሌላ ጐራ ነው። መጽሐፉ ራሱ ከመጽናናት ጋር ያያይዘዋል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ግን በኑን፣ በዋውና በሔት ከተገነባው የዕረፍት ሥር ጋር ያዛምዱታል። ኖዓምን የመሰሉ ስሞችም ቢሆኑ ከኖዓ ጋር በድምፅ ይቀራረባሉ እንጂ ሥራቸው ከጣዕምና ከደስ መሰኘት የወጣ ነው። አንዱን ለአንዱ መጥራት በጆሮ ቢያስኬድም በመዝገበ ቃላት አያስኬድም።

ከዝምታ ወደ ግንባር

በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን ከአይሁድ ሴቶች ስሞች እጅግ የበዙት ማርያምና ሰሎሜ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት የስደት መቶ ዘመናትም ሣራ፣ ርብቃ፣ ራሔል፣ ልያ፣ ሐና፣ አስቴር ከየአገሩ ቋንቋ ከተወሰዱ ስሞች ጋር ተፈራርቀዋል። የአውሮፓ አይሁድ በአብዛኛው በሞተ ዘመድ፣ የስፔንና የምሥራቅ አይሁድ ደግሞ በሕይወት ባለ አያት ስም ልጅ ይሰይማሉ። ሁለቱም ልማዶች የነበረውን ስም ይደጋግማሉ፤ ያልነበረውን ግን ወደ ቤት አያስገቡም። አያቷ ኖዓ ያልተባለች ሕፃን ኖዓ የምትባልበት ምክንያት አልነበረም።

ሰንሰለቱን የሰበረው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የዕብራይስጥ ዳግመኛ የንግግር ቋንቋ መሆን ነው። ወደ ፍልስጥኤም ምድር የገቡት ወጣቶች የአያቶቻቸውን የስደት ስሞች እያስቀሩ ከዕፀዋት፣ ከተራሮችና ከመጽሐፍ ቅዱስ ሥርቻዎች አዳዲስ ስሞችን ለልጆቻቸው መረጡ። ከመሬት ጋር የተያያዘ ስም በተለይ ተፈላጊ ነበረ፤ በአገሩ ውስጥ ርስት የጠየቁ እኅቶች ታሪክም ከዚያ ትውልድ ስሜት ጋር ይስማማ ነበረ። ይሁን እንጂ ኖዓ ወዲያው አልገነነችም። ቁንጮ ላይ የወጣችው የመሬት መፈክር ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የስኬቷን ምክንያት በታሪኩ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ዋናው ምክንያት ቅርጹ ይመስላል። ስሙ አጭር ነው፤ ሁለት ቀለም ብቻ አለው፤ የሚያልቀውም ዕብራይስጥም ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎችም ለሴት በሚሰጡት «ኣ» ድምፅ ነው። ሃይማኖተኛው በኦሪት ውስጥ ያገኘዋል፤ ዓለማዊው የአያት ሽታ የሌለበት ዘመናዊ ስም አድርጎ ይሰማዋል። የአውሮፓ አይሁድ ወይም የምሥራቅ አይሁድ ስም ነው ተብሎ አይለይም፤ የትውልድ አገር ልዩነት በስም በሚነበብበት ኅብረተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእስራኤል ማዕከላዊ ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በሚያወጣው ዝርዝር ኖዓ ለረጅም ጊዜ አንደኛ ከቈየች በኋላ በ2010ሮቹ አጋማሽ ቦታዋን ለትዕማር ለቃለች። ትዕማርም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ፣ አጭር፣ የዛፍ ስም የሆነ ነው፤ ጣዕሙ አልተለወጠም ማለት ነው።

ከእስራኤል ውጭ ስሙ በስፔንና በኔዘርላንድ ለሴቶች ልጆች ከሚመረጡት ተርታ ገብቷል፤ በፈረንሳይ ለወንድ ልጅም ይሰጣል፤ በጃፓን ደግሞ ከዕብራይስጡ ጋር ዝምድና በሌላቸው የራሱ ምልክቶች የሚጻፍ ኖዓ የሚባል የሴት ስም አለ። በአሜሪካ ኖኅ ከ2013 እስከ 2016 የወንድ ልጆች ስም ቀዳሚ መሆኑ የሁለቱን ስሞች መደባለቅ አባብሷል። ስሙን በዓለም ካስተዋወቁት አንዷ ቤተ ሰቧ ከየመን የመጣ ድምፃዊት አሒኖዓም ኒኒ ናት፤ በ2009 በሞስኮ በተካሄደው የዩሮቪዥን ውድድር ከሚራ አዋድ ጋር እስራኤልን ወክላ ዘፍናለች። በውጭ አገር የምትታወቅበት «ኖዓ» ከአሒኖዓም የተቈረጠ ነው፤ ይህ ረጅም ስም ግን ከላይ እንደ ተገለጸው ከደስ መሰኘት ሥር የወጣ ስለ ሆነ፣ በዓለም እጅግ የታወቀችው ኖዓ በሥረ ቃሉ ኖዓ አይደለችም።

በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ

የላቲን ፊደል ያጠፋውን ልዩነት የግዕዝ ፊደል ሊይዘው ይችላል፤ ይህ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ትንሽ የማይባል ዕድል ነው። ወንዱ በብዙኃኑ «ኅ» ኖኅ፣ ሴቲቱ በዓይኑ «ዓ» ኖዓ ሲባሉ የዕብራይስጡ ሔትና ዓይን ተለይተው ይታያሉ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ኑዓ» የሚለው አጻጻፍ ራሱ የሁለት ምንጮች ድምር ይመስላል፦ «ኑ» ከሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ንባብ ጋር ይስማማል፤ ግሪክ ፈጽሞ የሌለው «ዓ» ደግሞ ከዕብራይስጡ ጋር።

ችግሩ ድምፁ ከአፍ መጥፋቱ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ዐ»ን ከ«አ»፣ «ኀ»ን ከ«ሀ» ለይቶ አይጠራም። የዛሬው የዕብራይስጥ ተናጋሪም በአብዛኛው ዓይንን ከአሌፍ አይለይም፤ ቴል አቪቭ ላይ የሚሰማው ኖዓ ከ«ኖአ» የተለየ አይደለም። ድምፁን ዛሬም የሚጠብቁት የየመን አይሁድ ሽማግሌዎችና በእኛው ሰፈር ትግርኛና ትግረ ተናጋሪዎች ናቸው። በ20ኛው መቶ ዘመን የአማርኛን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሆሄያት ለመቀነስ ተደጋግሞ የቀረበው አሳብ ለተራው ቃል ምቾት ቢኖረውም፣ በስም ላይ ሲደርስ ዋጋ ያስከፍላል፤ ኖህና ኖአ ብሎ የሚጽፍ ሰው ዕረፍትንና እንቅስቃሴን የሚለየውን ምልክት ጥሏል።

ጉዳዩ ለቤተ እስራኤል ቤተ ሰቦች የጽሕፈት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገቡ ብዙዎች፣ በተለይም ሕፃናቱ፣ በመቀበያ ማዕከላትና በትምህርት ቤቶች የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ከዓመታት በኋላ አንዳንዶች የወላጆቻቸውን የአማርኛ ወይም የትግርኛ ስም መልሰው ወስደዋል። እዚያው የተወለዱት ልጆች ደግሞ ከመጀመሪያው በዕብራይስጥ ስም ይጠራሉ፤ አያቶቻቸውም እነዚህን ስሞች በለመዱት ፊደል ይጽፏቸዋል። ትግርኛ የምትናገር አያት የልጅ ልጇን ኖዓ ብላ ብትጠራ፣ በሰማርያ መዝገብ ላይ የተጻፈውን ዓይን በቤቱ ውስጥ አሟልታ የምትጠራው ምናልባት እርሷ ብቻ ትሆናለች።